የይስሐቅ ማስታወሻ ተቆራርጦ አይነበብ

ይድረስ፦ ለከተማችን ማዘጋጃ ቤት የባህልና የመታሰቢያ ዝግጅቶች ክፍል
ጉዳዩ፦ በዮም ሃሾአ ምሽት ስለሚቀርበው የጌቶ ማስታወሻ ንባብ የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

የተከበራችሁ የክፍሉ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ እዚህ እስራኤል፣ በከተማችን የሚገኘው የአማርኛና የዕብራይስጥ ንባብ ቡድን አባላት ነን። በዘንድሮው ዮም ሃሾአ፣ ማለትም በሾአ (ናዚዎች በአውሮፓ አይሁድ ላይ የፈጸሙት ጭፍጨፋ) መታሰቢያ ምሽት፣ አይሁዳዊው ልጅ ይስሐቅ ሩዳሼቭስኪ በጌቶ (ጀርመኖች አይሁድን ባጎሩበት የተዘጋ ሰፈር) ሳለ የጻፈውን ማስታወሻ በመድረክ ለማንበብ ከክፍላችሁ ጋር ተስማምተን ክረምቱን ሙሉ ስንለማመድ ከቆየን በኋላ፣ ዕለቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ንባቡ ከዋናው አዳራሽ ወጥቶ በማትናሱ (በሰፈሩ የባህል ማእከል) ትንሽ ክፍል ከሰዓት በኋላ እንዲቀርብ፣ ጽሑፉ ከግማሽ በላይ እንዲቆረጥና የአማርኛው ክፍል ጨርሶ እንዲቀር መወሰኑ በስልክ ተነገረን። ዕለቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ይኸው አጭር ቅጂ ለሚመጡት ዓመታትም ቋሚ ሆኖ እንደሚቀጥል ሰማን። ጉዳዩን በቢሮ ተነጋግረን ልንጨርሰው ሞክረናል። ሆኖም ላቀረብናቸው ጥያቄዎች አንድም የጽሑፍ መልስ ስላላገኘን፣ ነገሩም የእኛ ብቻ ሳይሆን በዚያ ምሽት ሽማግሌዎቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ሊመጡ የተሰናዱ ቤተሰቦች ሁሉ ስለሆነ፣ በአደባባይ ለመጻፍ ተገደናል።

በቅድሚያ ስለ ልጁ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ከክፍላችሁ ጋር በነበረን ንግግር ሁሉ ስለ ሰዓትና ስለ ወንበር ብዙ ሲነሳ፣ ስለ እርሱ ግን ምንም ሲነሳ አልሰማንምና። ይስሐቅ ሩዳሼቭስኪ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1927 በቪልና ከተማ (በዛሬዋ የሊትዌኒያ ዋና ከተማ ቪልኒየስ) ተወለደ። ለወላጆቹ አንድ ልጅ ሲሆን፣ አባቱ በአንድ የዪዲሽ (የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ቋንቋ) ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ፣ እናቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጀርመኖች ከተማዋን በጁን 1941 ያዙ፤ ሴፕቴምበር 6 ቀን አይሁዶቿን ከየቤታቸው አስወጥተው በጥቂት ጠባብ መንገዶች ውስጥ አጎሯቸው። ልጁ ያየውንና የሰማውን በዪዲሽ ይጽፍ ነበር፤ ደብተሩ የሚቆመው በአፕሪል 1943 መጀመሪያ ላይ ነው። ጌቶው በሴፕቴምበር 1943 ሲደመሰስ ቤተሰቡ ተደበቀ፤ በኦክቶበር መጀመሪያ ግን መደበቂያው ተገኘና ወደ ፖናር ጫካ ተወስደው ተገደሉ። ይስሐቅ አሥራ ስድስት ዓመት አልሞላውም ነበር። በዚያ ጫካ ከ1941 እስከ 1944 ባለው ጊዜ ወደ 70,000 የሚጠጉ አይሁድ በጥይት ተጨፍጭፈዋል። አምልጣ ከደፈጣ ተዋጊዎች ጋር የተቀላቀለች ዘመዱ ከተማዋ በጁላይ 1944 ነጻ ከወጣች በኋላ ወደ መደበቂያው ተመልሳ ደብተሩን አገኘችው፤ በ1953ም እዚሁ ቴል አቪቭ በሚወጣ የዪዲሽ መጽሔት ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ።

ይህን ደብተር ለመድረክ ስናሰናዳ ቀላል ቅርጽ መረጥን። ሦስት ወንበር፣ ሦስት አትሮኖስ፣ በእጅ የተያዘ ወረቀት፤ ሌላ ምንም የለም። ዕብራይስጡን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃችን፣ አማርኛውን በልጅነቱ ከጎንደር የመጣ ጎልማሳ ያነባሉ፤ ሦስተኛዋ አንባቢ ደብተሩ የማይነግረንን፣ ማለትም ቀኑን፣ ቦታውንና በኋላ የሆነውን፣ በአጭር በአጭሩ ትናገራለች። አማርኛው ሲነበብ ዕብራይስጡ ግድግዳው ላይ ስለሚታይ አማርኛ የማያውቅ ታዳሚ የሚያመልጠው ነገር የለም። ቅርጹን እንዲህ ያደረግነው አስበንበት ነው። ይስሐቅ ሲጽፍ መጨረሻውን አያውቅም። እርሱን ሆኖ የሚጫወት ተዋናይ ግን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ልጁ ትምህርት ቤት ተከፈተ ብሎ ሲደሰት እንኳ የተዋናዩ ድምፅ እያለቀሰ ይወጣል። የሚያነብ ሰው ግን ከወረቀቱ አይቀድምም። ታዳሚው ከልጁ ጋር ከቀን ወደ ቀን እንዲሄድ፣ ደብተሩ በአፕሪል ድንገት ሲቆምም ያ መቆም እንዲሰማው የፈለግነው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ ቅሬታችን እንግባ። ከሁሉ የሚከብደን የጽሑፉ መቆረጥ ነው። ከክፍላችሁ በተላከልን ቅጂ ላይ የቀሩት በዲሴምበር 1942 የተጻፉ ሁለት ገጾች ናቸው። በአንደኛው ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት ጊዜውን በከንቱ ላለማሳለፍ ለራሱ ቃል ይገባል። በሁለተኛው የጌቶው ቤተ መጻሕፍት መቶ ሺህኛውን መጽሐፍ ማዋሱ ዲሴምበር 13 ቀን በቴአትር አዳራሹ መከበሩን ይነግረናል፤ መጽሐፍ በግንቡ ውስጥ የተዘጋባቸውን ሰዎች ከዓለም ጋር እንደሚያገናኛቸውም ይጽፋል። ሁለቱም የሚወደዱ ገጾች ናቸው፤ የመረጥናቸውም እኛው ነን። ነገር ግን የመረጥናቸው ከሌሎቹ ጋር እንዲነበቡ ነበር። ከቅጂው የወጡት የአያቱ ገጽ፣ የጌቶው አይሁዳዊ ፖሊስ ገጽና የአፕሪል 1943 የመጨረሻ ገጾች ናቸው። እነዚህ ወጥተው የቀረውን የሰማ ታዳሚ ልጁ መጽሐፍ እያነበበ ጌቶውን የተሻገረ መስሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የአያቱን ገጽ ነገር ዘርዘር አድርገን ማስረዳት እንፈልጋለን። በ1941 መጸው ጀርመኖች ለቪልና ጌቶ 3,000 ቢጫ የሥራ ወረቀት አደሉ። አንዱ ወረቀት ለመገደል ከመወሰድ የሚያድነው ባለቤቱን፣ የትዳር ጓደኛውንና ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ልጆቹን ብቻ ነበር። ሦስተኛ ልጅ ያለው ሰው፣ እናቱን ወይም አባቱን የሚጦር ሰው፣ እነዚያን የሚያስመዘግብበት መስመር አልነበረውም። የይስሐቅ ቤተሰብ በወረቀቱ ሲወጣ አያቱ ቀረች። የተዘረጉት እጆቿና ይዛችሁኝ ሂዱ እያሉ የሚለምኑት ዓይኖቿ ከሐሳቡ እንደማይጠፉ ልጁ ጽፏል። ከክፍላችሁ የተሰጠን ምክንያት፣ ቤተሰብ አሮጊት እናቱን ትቶ መሄዱ በመታሰቢያ ምሽት ቢነገር ታዳሚውን ያስከፋል፣ የሞቱትንም ያስነቅፋል የሚል ነው። እኛ የምናየው ተቃራኒውን ነው። አንድን ልጅ በአያቱና በሕይወቱ መካከል ያቆመው ማን እንደሆነ ከዚህ ገጽ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት የለም፤ ያቆመውም ያን ወረቀት ቆጥሮ ያወጣው ባለሥልጣን ነው። ገጹ ሲወጣ ከነቀፋ የዳነው እርሱ እንጂ ቤተሰቡ አይደለም።

የፖሊሱ ገጽም እንዲሁ ነው። በኦክቶበር 1942 በጀርመኖች ሥር ሆነው ጌቶውን የሚጠብቁት የቪልና ጌቶ አይሁዳዊ ፖሊሶች ወደ ኦሽሚያና ከተማ ተልከው ከ400 የሚበልጡ ሽማግሌዎችና ሕሙማን ለገዳዮቹ ተላልፈው ሲሰጡ፣ ይስሐቅ በነገሩ ማፈሩን ሳይሸፍን ጻፈ። አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ለመጻፍ የደፈረውን፣ ሰማንያ ዓመት ካለፈ በኋላ እኛ ትልልቆቹ ለመስማት የምንፈራበት ምክንያት አይታየንም። የአፕሪሎቹ ገጾች ደግሞ የሚናገሩት ከትንንሽ ከተሞች የተሰበሰቡ ሰዎች ወደ ሌላው የሊትዌኒያ ከተማ ወደ ኮቭኖ ትሄዳላችሁ ተብለው በባቡር ተጭነው ፖናር ላይ በሺህ የሚቆጠሩት መገደላቸውን ነው። ልጁ ከዚህ በኋላ በቪልና ጌቶ ለቀሩትም የከፋው እንደሚመጣ ፈርቶ ይጽፍና ደብተሩ ያበቃል። ይህን ማስወጣት የማስታወሻውን መጨረሻ ማስወጣት ነው።

በልምምድ ጊዜ የሆነ አንድ ነገር እናካፍላችሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ በማትናሱ ስንለማመድ አዛውንቶች እየመጡ ይሰሙ ነበር። የአያቱ ገጽ በአማርኛ የተነበበ ዕለት፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ እናት የተጠቀለለ ነጠላቸውን ፈትተው ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና “እስኪ ያችን የአሮጊቷን መልሰህ አንብባት፣ ልጄ” አሉት አንባቢውን። መልሶ አነበበላቸው። ከዚያ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲመጡ በመንገድ ላይ፣ መሄድ አቅቷቸው በዛፍ ጥላ ሥር ስለቀሩት ስለ ባላቸው እናት፣ ውኃ በምን እንደተዉላቸው ሳይቀር ነገሩን። ሁለት የልጅ ልጆቻቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር፤ ታሪኩን ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም። የሾአን ሐዘንና የሱዳንን መንገድ ሐዘን አንድ ናቸው አንልም፤ እኚህ እናትም አላሉም። ያሉት ነገር ቢኖር የዚያ ልጅ ጭንቀት እንደገባቸው ነው። ሰው የሌላውን ሐዘን የሚሰማበት መንገድ ይህ ከሆነ፣ ከመታሰቢያ ምሽት የሚጠበቀው ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ሁለተኛው ቅሬታችን የአማርኛው መቅረት ነው። የተባልነው “ታዳሚው ዕብራይስጥ ያውቃል፣ ጊዜም ይቆጥባል” የሚል ነው። በከተማችን ያሉ አዛውንቶቻችን በኡልፓን (ለአዲስ ገቢዎች በሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት) የተማሩት ዕብራይስጥ ለገበያ፣ ለአውቶቡስና ለሐኪም ቤት ይበቃቸዋል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚነበብ ጽሑፍ ለመከታተል ግን አይበቃቸውም። እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ በዮም ሃሾአ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የመታሰቢያው ፊሽካ ሲነፋ የያዙትን አስቀምጠው ሁለቱን የጸጥታ ደቂቃ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ብዙዎቹ ይህን ከሠላሳ ዓመት በላይ አድርገዋል። በነዚህ ሁሉ ዓመታት የሚያስቧቸው ሰዎች የጻፉትን አንድ ገጽ በሚገባቸው ቋንቋ ተነብቦላቸው አያውቅም። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያደርግ የነበረውን ምሽት በደቂቃ ቁጠባ ማስቀረት ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ለመጻፍ እንኳ የሚከብደን ሌላ ንግግር አለ። ስለ አማርኛው ስንከራከር ከክፍላችሁ ያነጋገረን ሰው የእናንተ መታሰቢያ ሌላ ነው፣ ይህኛው የእናንተ ታሪክ አይደለም ብሎናል። ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በሱዳን ላለቁት ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም ቀን በሃር ሄርጽል (በኢየሩሳሌም ባለው የአገሪቱ መታሰቢያ ኮረብታ) የሚደረግ መታሰቢያ መኖሩ እውነት ነው፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን የአንዱ መኖር ከሌላው ያስወጣናል ብሎ የደነገገ የለም። የሾአና የጀግንነት መታሰቢያ ቀን ሕግ በ1959 ሲወጣ ዕለቱ የመላው አገር እንዲሆን እንጂ ወላጆቻቸው ከአውሮፓ ለመጡ ብቻ እንዲሆን አልነበረም። ልጆቻችን ከትምህርት ቤታቸው ጋር ወደ ፖላንድ ይሄዳሉ፣ በካምፖቹ ሐዲድ ላይ ይቆማሉ፣ ሲመለሱም ያዩትን ለአያቶቻቸው መንገር ይፈልጋሉ። ይህ ንባብ የተጀመረውም ያን ንግግር የሚያግዝ ነገር በቤት ውስጥ ባለመኖሩ ነው። የተባለው ቃል የአንድ ሰው እንጂ የክፍሉ አቋም አለመሆኑን በጽሑፍ እንድታረጋግጡልን እንፈልጋለን።

የአቀራረቡም ነገር አለ። አጭሩን ቅጂ “ለወጣቱ እንዲስብ” በሚል የተኩስ ድምፅ፣ ጭስ፣ ባለ መስመር የእስረኛ ልብስና ሻንጣ የያዘ ሕፃን እንድንጨምር ተጠይቀን ነበር። ባለ መስመሩ ልብስ የማጎሪያ ካምፕ ልብስ ነው፤ በቪልና ጌቶ ሰው የሚለብሰው የራሱን ልብስ ነበር፣ የተጨመረበት ቢጫው ኮከብ ነው። በዕለቱ ከአዳራሹ ውስጥ ያንን ዘመን ያዩ ሰዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ እያወቅን የተኩስ ድምፅ በድምፅ ማጉያ መልቀቅ ደግሞ ከትምህርት ይልቅ ጭካኔ ነው። መድረክና ሙታን እንዴት ይገናኛሉ የሚለውን ጥያቄ የቪልና ጌቶ ሰዎች ራሳቸው ጠይቀውታል። በጃንዋሪ 1942 የጌቶው ቴአትር ሲከፈት፣ ብዙው ሰው ከተገደለ ገና ወራት ስለነበር፣ በመቃብር ቦታ ቴአትር አይሠራም የሚል ወረቀት ተበትኖ ነበር። ቴአትሩ ግን ቀጠለ፤ ገቢው ለችግረኞች ይውል ነበር፣ ሰዉም እየለመደው መጣ። ተቃውሞውም ቴአትሩም የአንድ ሕዝብ ናቸው፤ ሁለቱንም ማክበር የሚቻለው ጽሑፉን በጥንቃቄ በማንበብ እንጂ በጭስ አይደለም።

በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ደግሞ ይስሐቅን ማንም ስለማያውቀው በምትኩ በሆላንድ ከናዚዎች ተደብቃ ማስታወሻ የጻፈችውን የአይሁዳዊቷን ልጅ የአና ፍራንክን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሰዎች በልባቸው ደጎች መሆናቸውን አምናለሁ የምትለውን፣ አንብበን እንድንጨርስ ሐሳብ ቀርቦልናል። ለአና ያለን ክብር ታላቅ ነው፤ ሐሳቡን ያልተቀበልነውም ስለምናከብራት ነው። ያን ቃል የጻፈችው በጁላይ 15 ቀን 1944 ሲሆን፣ በዚያው ዕለት ጽሑፏ ዓለም ወደ ምድረ በዳ እየተለወጠ መሆኑንና እርሷንም የሚያጠፋው ነጎድጓድ ሲቀርብ እንደሚሰማት ጽፋለች። ኦገስት 4 ቀን ተይዛ ተወሰደች፤ በ1945 መጀመሪያ በበርገን ቤልሰን ካምፕ ሞተች። ማስታወሻዋ በ1955 በኒውዮርክ መድረክ ላይ በቴአትር መልክ ሲቀርብ ተስፋ ያለውን ቃል መደምደሚያ አድርጎ ነጎድጓዱን በማስቀረቱ ለብዙ ዓመታት ሲተች ኖሯል። ያ ስህተት ከተፈጸመና ከተነገረ ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላ እኛ በሌላ ልጅ ደብተር ላይ ልንደግመው አይገባም። ይስሐቅን ሰው ስለማያውቀው የሚለውም ለማንበብ ምክንያት እንጂ ላለማንበብ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

የሰዓቱንና የቦታውን ጉዳይ በአጭሩ እናንሳ። ከሰዓት በኋላ የተባለው ሰዓት በጽዳት፣ በፋብሪካና አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ የተሰማሩ ወላጆች ከሥራ የማይወጡበት ነው። ለአዛውንቶቹ የተፈቀደው አውቶቡስ ተሰርዟል፤ በትንሹ ክፍል ማይክሮፎን ስላልነበረ ከኋላ የተቀመጡት የሰሙት በጣም ጥቂቱን ነው። የመጡት ሰዎች ጥቂት መሆናቸው በኋላ “ፍላጎት የለም” ተብሎ ለቀጣዩ ዓመት ውሳኔ ምክንያት ሆኖ መቅረቡ ፍትሐዊ አይደለም።

ስለዚህ ክፍሉን የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። አጭሩ ቅጂ ቋሚ ይሆናል የተባለው ውሳኔ ተሰርዞ፣ በመጪው ዓመት የይስሐቅ ማስታወሻ ቀድሞ በተስማማንበት ሙሉ ቅርጹ፣ በዋናው አዳራሽና በመታሰቢያው ምሽት፣ በዕብራይስጥና በአማርኛ እንዲነበብ። ከጽሑፉ አንድ ገጽ ይውጣ የሚል አስተያየት ያለው ሰው ካለ፣ ሙሉውን አንብቦ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብና ከእኛ ጋር ተቀምጦ እንዲወያይ፤ ተኩስ፣ ጭስና የእስረኛ ልብስ ግን ለድርድር እንዳይቀርቡ እንጠይቃለን። ለአዛውንቶች አውቶቡስ እንዲመደብ፣ የመታሰቢያ ምሽቱን ዝግጅት በሚወስነው ኮሚቴ ውስጥም ከኢትዮጵያ የመጡ ነዋሪዎች ራሳቸው የመረጡት ቢያንስ አንድ ሰው እንዲቀመጥ እንሻለን። ከእንግዲህ በዝግጅቱ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ለውጥ በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ እንዲደርሰን፣ ልምምድ ከመጀመሩ በፊትም እንዲነገረን እንጠይቃለን። ለዚህ ደብዳቤም የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን፣ መልሱም እንደ ደብዳቤው ለነዋሪው ይፋ እንዲሆን እናሳስባለን። አንባቢዎቹ ጽሑፉን በእጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ፤ ልምምዱን ከሱኮት (ከዳስ) በዓል ማግስት ለመጀመር ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣

የንባብ ቡድኑ አስተባባሪና የመድረክ አዘጋጅ
በአንባቢዎቹ፣ በወላጆችና በልምምዱ ላይ ሲገኙ በነበሩ አዛውንቶች ስም

ግልባጭ፦
ለከተማው ምክር ቤት አባላት
ለማትናሱ ሥራ አስኪያጅ
ለከተማው ነዋሪዎች በሙሉ